«እግሩ ደህና አይደል እንዴ?» እና ሌሎች የተሳሳቱ ወሬዎች

ይህን ያስጻፈኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወረፋ ላይ ቆሜ የሰማሁት ወሬ ነው። አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጇ በአእምሮ ሕመም ትምህርት አቋርጦ ቤት ከተዘጋ ወራት እንደሆነው ታወራለች። አጠገቧ ያለችው «ለእንዲህ ዓይነቱ እርዳታ አለ አይደል?» አለቻት። ወዲያው ወረፋው በሙሉ ገባበት። ከተባለው ግማሹ ስህተት ነበር።

«አካል ጉዳተኛ የሚባለው እግሩ ወይም ዓይኑ የተጎዳ ነው»

በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ሕጉ ግን ሰፋ ያለ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። ስለ ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 እንዲሁ። ስለዚህ የቀበሌው ጸሐፊ «እግሩ ደህና አይደል እንዴ?» ካላችሁ አትመለሱ።

«ውጭ አገር በየወሩ ይከፈላል፤ የእኛን ቀበሌ በልቶት ነው»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። እንግሊዝ አገር ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንድ ዓይነት፣ 16 ሲሞላው ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍያ አለ። የአእምሮ ሕመምም ይቆጠራል። ለንደን ያሉ ዘመዶች በስልክ የሚነግሩን ይህንን ነው። እኛ ጋ ግን ልጅ ስለታመመ ብቻ በየወሩ የሚቆረጥለት ገንዘብ የለም። ቀበሌው ያልተላከለትን አይበላም።

እኛ ጋ ያለው የተበታተነ ነው። አንዱ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው ድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በሁሉም ወረዳ የለም፤ መንዝ አካባቢ ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። የሚመረጠው ቤተሰቡ እንጂ ልጁ ብቻውን አይደለም። መሥራት የሚችል ሰው የሌለው ቤት ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ሌላው የጤና መድን ነው። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ግን መድኑ ሙሉውን አይከፍልም፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

«የሐኪም ወረቀት ከያዝኩ አለቀ»

አላለቀም። አንዲት የመንዝ እናት የደረሰባትን ልንገራችሁ። ለሴፍቲኔት የሚመርጠው ኮሚቴ ፊት ልጇን ይዛ ቀረበች። ከመሄዳቸው በፊት አጥባዋለች፣ ጸጉሩን አስተካክላዋለች፣ የታጠበ ጋቢ አልብሳዋለች። እናት ናት፣ ምን ታድርግ! ልጁ ቁጭ ብሎ መሬት መሬቱን አየ። ወረቀቱ ላይ የበሽታው ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ያነበበው የለም። «ደህና ጎረምሳ ነው» ተባለና ተመለሱ።

ሁለተኛ የሄደችው ለቅሬታ ሰሚ ነው። በዚህኛው ዙር ስለ በሽታው ስም ትታ ስለ ውሎው ተናገረች። ካላጎረሱት አይበላም። በግ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ሜዳ ላይ ትቷቸው ይመጣል። ሌሊት ተነስቶ ስለሚወጣ እሷ በሩ ሥር ነው የምትተኛው። በዚህ የተነሳ ቀን ሥራ ላይ ትንቀላፋለች። ታናሽ እህቱ ይህን ሁሉ ከቀኑ ጋር በሒሳብ ደብተሯ ጀርባ መዝግባው ነበር። ሰዎቹ ደብተሩን ተቀባብለው አነበቡት። ቤተሰቡ ተመዘገበ።

ሁሌም እንዲህ ያልቃል አልልም። ግን ሐኪሙን ስታገኙ «ምን እንደማይችል ጻፉልኝ፣ በአማርኛ» በሉት። እንደ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ያለ የበሽታ ስም ብቻውን ለኮሚቴ ምንም አይነግረውም። ልጁንም ለዚያ ቀን ብላችሁ አታሳምሩት፤ አታጎሳቁሉትም። እንደ ሌላው ቀኑ ይሂድ።

«ጸበል ከገባ መድኃኒቱ ይቁም»

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ልጁን ወስዳችሁ ከሆነ ደግ አድርጋችኋል። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤችአይቪ ሲጠየቁ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለዚህኛውም አስተሳሰቡ አንድ ነው። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። ሌላም ጣጣ አለ፦ ለወራት የሕክምና ካርዱ ላይ ምንም ካልተጻፈ፣ ማስረጃ የሚጠይቃችሁ ሰው «ድኖ ነበር ማለት ነው» ይላል።

«አባቱ ሞቶ የሚያገኘው ጡረታ 18 ሲሞላው ይቆማል»

ለጤነኛ ልጅ አዎ። ጉዳት ላለበት ልጅ ግን የጡረታ ሕጉ ከ18 በላይ ይፈቅዳል። የሕክምና ማስረጃ ይፈልጋል፤ 18 እስኪሞላው ሳትጠብቁ ቀድማችሁ ጠይቁ። እናትም አባትም የሌሉት ልጅ ከሆነ ደግሞ አያቱ ወይም አክስቱ የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ወረቀት ያስፈልጋቸዋል።

«ስሙ ከተመዘገበ በኋላ ሥራ አያገኝም፣ ሚስትም አያገባም»

ስለ ሚስቱ አላውቅም! ስለ ሥራው ግን ከላይ ያነሳሁት አዋጅ በጉዳቱ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል። ሴፍቲኔት ላይ የሚሰፍረው የቤተሰቡ ስም ነው፤ የልጁ ሕመም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም። ሰፈሩ እንደሆነ ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆመ ዕለት ሰምቷል።