በግጥም የተጻፈ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ በሕዝብ መዋጮ ማሳተም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውጭ አገር የምንኖር ወላጆች ለልጆቻችን በአማርኛ የምናነብላቸው መጽሐፍ ስናጣ ራሳችን ለመጻፍ እንነሣለን። መነሣቱ መልካም ነው። ሥራውን መንገድ ላይ የሚያስቀሩ ጥቂት እምነቶች ግን አሉ።

«ለልጅ መግጠም ቀላል ነው፤ ቤት ከመታ በቃ።»

በአማርኛ ቤት መምታት ቀላል የሚመስለው ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነው። «መጣች፣ ጠጣች፣ ተኛች» እያሉ መደርደር ማንንም አያቅትም፤ ልጁ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ይሰለቻል። ጆሮውን የሚይዘው ምቱ ነው። ስለ ድመት የጻፍኩትን ይህን ግጥም ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፦

ድመት ገባች በመስኮቱ፣
ጢሟ ነጣ ከወተቱ።

ፊደል ብትቆጥሩ የላይኛው 11፣ የታችኛው 8 ነው። አፍ ላይ ግን ሁለቱም ስምንት ስምንት ቀለም፣ ማለትም በአንድ ምት የሚነገር የድምፅ ክፍል፣ ናቸው፤ አራት ብሎ ያርፋል፣ አራት ብሎ ይዘጋል። የላይኛው «ት»፣ «ች» እና «ስ» ከፊታቸው ካለው ድምፅ ጋር ተጣብቀው ስለሚነገሩ ለብቻቸው አይቆጠሩም። «ቡሄ በሉ» እያልን ያደግንበት ምት ይኸው ነው። ስለዚህ ስንኝ በዓይን አይመዘንም። እኔ ግጥሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው እሰጥና ሳይዘጋጅ እንዲያነብልኝ እጠይቃለሁ፤ ምላሱ የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ፊደላችን ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ስለማያሳይም «ዋና» የመሰለ ቃል ውጭ ያደገ ልጅን ያሳስታል፤ መዋኘት ይሁን አለቃ የሚለይለት ሥዕሉ ነው።

«ሠዓሊው ግጥሙ ያለውን ይሥላል።»

ድመቷ የማንን ወተት እንደጠጣች ግጥሙ አልተናገረም። በመስኮቱ ማዶ የሚታየው የተገለበጠ የጎረቤት ሳህን፣ ደፉ ላይ የቀረው ነጭ የእግር ዱካ የሠዓሊው ድርሻ ነው። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ሳህኑ ላይ ጣቱን አሳርፎ «እሷ ናት!» ሲል ታሪኩን ራሱ አገኘው ማለት ነው። እያንዳንዱን መስመር ይደገምልኝ ብላችሁ ሠዓሊውን ካዘዛችሁት ልጁን ይህን ደስታ ትነጥቁታላችሁ። ክፍያውንና የሥዕሉን መብት ደግሞ ገና ሲጀመር በጽሑፍ ተዋዋሉ።

«የገጹ ብዛት እንደ ታሪኩ ነው።»

የሥዕል መጽሐፍ በአብዛኛው 32 ገጽ ነው፤ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው። የርእሱና የመብት ማስታወቂያው ገጾች ከዚሁ ላይ ይቀነሳሉ።

«የሕዝብ መዋጮ ልመና ነው።»

ይህ አመለካከት ብዙ ጎበዝ ሰው አስቀርቷል፤ ያሳዝነኛልም። ሰዎች ለአንድ ሥራ ገንዘብ በሚያዋጡበት ኪክስታርተር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ገንዘቡን የሚያስቀምጥ ሰው ቅጂውን ይጠብቃል። ነገሩ ከምጽዋት ይልቅ ቀብድን ይመስላል፤ ስለዚህም ማፈር አይገባም፣ መጽሐፉን የማድረስ ዕዳ ግን አለ። ይህ መድረክ የመዋጮው አዘጋጅ መድረኩ በሚቀበላቸው አገሮች ነዋሪ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ የለችም። አዲስ አበባ ያለ ደራሲ ውጭ ካለ አጋር ጋር ቢሠራ የመዋጮ ዘመቻውን የሚከፍተው አጋሩ በራሱ ስም፣ በራሱ መታወቂያና የባንክ ሒሳብ ነው፤ ኃላፊነቱም የእርሱ ይሆናል።

«ግቡ ባይሞላም የተገኘው ይገኛል።»

ኪክስታርተር ላይ አይገኝም። ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ ግቡ ካልሞላ ከማንም ካርድ ሳንቲም አይቆረጥም። ግባችሁ ሥራው የሚጠይቀው ትንሹ መጠን ይሁን። ዘመቻው ከመከፈቱ በፊትም የመጀመሪያ ደጋፊዎቻችሁን በስም እወቋቸው፤ ድረ ገጹ ብቻውን ሰው አያመጣም።

«8,000 ዶላር ከተሰበሰበ 8,000 ዶላር አለን።»

200 ሰው 40፣ 40 ዶላር ሰጠ እንበል። መድረኩ 5 በመቶ፣ ማለትም 400 ዶላር ይወስዳል። አሜሪካ ውስጥ ለክፍያ ማስተላለፊያ 3 በመቶ፣ በእያንዳንዱ ሰው ክፍያ ላይ ከሚቆረጠው 20 ሳንቲም ጋር ሲደመር፣ 280 ዶላር ይሆናል። የቀረው 7,320 ነው፤ ሠዓሊውም ማተሚያ ቤቱም ከዚህ ይከፈላሉ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ፖስታው ላይ ነው። ከአሜሪካ ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ዱባይ የሚላክ ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ መጽሐፍ የመላኪያው ዋጋ ከማሳተሚያው ሊበልጥ ይችላል። ቤታችሁ ካሉት የልጆች መጻሕፍት መጠኑ የሚቀራረበውን አንሡ፣ በካርቶን ጠቅልሉት፣ ፖስታ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት፤ ዋጋውን ድረ ገጹ ላይ የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ነው።