ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው? ስለ ፐርሚየቢሊቲ የሚነገሩ ስህተቶች

ዘይትና ጋዝ ያዘለ አለት ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ ፐርሚየቢሊቲ ይባላል። ስለሱ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ደህናውን ጉድጓድ ያበላሻሉ።

«ቀዳዳው የበዛ አለት ብዙ ያሳልፋል።»
የግድ አይደለም። በሰሜን ባሕር ኤኮፊስክ የተባለው የዘይት መስክ ጠመኔ አለት አንዳንድ ቦታ ላይ ሲሶው ባዶ ነው። ቀዳዳዎቹ ግን በጣም ደቃቅ ናቸው፤ ዘይቱን በደንብ የሚያስኬዱት ስንጥቆቹ ናቸው።

«ወፍራም ዘይት ፐርሚየቢሊቲን ይቀንሳል።»
ፍሰቱን ነው የሚያዘገየው። ፈሳሽ በአለት ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈስ በሚያሰላው የዳርሲ ሕግ ቀመር የፈሳሹ ውፍረትና የአለቱ አቅም ለየብቻ ነው የሚገቡት።

«እንግዲያው ፈሳሹ አለቱን አይነካውም።»
አደገኛው ይሄ ነው። ሸክላ ያለበት የአሸዋ ድንጋይ ውሰዱና ጨዋማ ውሃ አሳልፉበት፤ ደህና ይሄዳል። ግፊቱን ሳትነኩ ጨው ወደሌለበት ንጹህ ውሃ ቀይሩት። ፍሰቱ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጨው የሸክላውን ቅንጣቶች ከአሸዋው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ይይዛቸው ነበር፤ እሱ ሲሳሳ አንዳንዱ ሸክላ ያብጣል፣ ሌላው ይላቀቅና ከውሃው ጋር ተጉዞ የቀዳዳው አንገት ላይ ይወተፋል። የፍሰቱን አቅጣጫ ብትገለብጡት ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፣ ከዚያ በሌላው በኩል ይዘጋል። ጨዋማውን ውሃ መመለስም ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን አይሽረውም። ለዚህ ነው ወደ ጉድጓድ በሚገባ ውሃ ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው የሚጨመረው፤ እባካችሁ፣ አለቱን ሳትፈትሹ ንጹህ ውሃ አትልቀቁበት።

«ላብራቶሪ በጋዝ የለካው ቁጥር መሬት ውስጥም ያው ነው።»
ክሊንከንበርግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳሳየው ግፊቱ ዝቅተኛ ሲሆን ጋዝ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ስለሚንሸራተት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል። መሬት ውስጥ ደግሞ ዘይትና ውሃ አንድ መንገድ ይሻማሉ፣ አንዱ ለሌላው እንቅፋት ነው።

«ዘይት ሲወጣ የሚቀንሰው ፈሳሹ ብቻ ነው።»
ፈሳሹ ከላይ ያለውን ሸክም አብሮ ይሸከም ነበር። ግፊቱ ሲወርድ ሸክሙ ለአለቱ ይቀራል፣ ቀዳዳውም ስንጥቁም ይጠባል። ኤኮፊስክ ላይ የባሕሩ ወለል ራሱ ሰመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የማምረቻ መድረኮቹን 6 ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ውሃ አስገብተው ግፊቱን ሲደግፉም መስመጡ ወዲያው አልቆመም፤ ጠመኔው ውሃ ሲነካው ይላላልና።