የሰርፍ ሰሌዳ «ሊትር» ምንድን ነው? ክብደት ያለው ሰው ወደ አጭር ሰሌዳ ሲሸጋገር

ሰው በባሕር ማዕበል ላይ ቆሞ በሚንሸራተትበት በሰርፍ ሰሌዳ ሆድ (በታችኛው ገጹ) ላይ፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ቀጭን እንጨት አጠገብ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 6 ጫማ ከ10 ኢንች ርዝመት፣ 22 ኢንች ወርድ፣ 3 ኢንች ውፍረት፣ በመጨረሻም 50 ሊትር። ይህ የመጨረሻው ቁጥር በትምህርት ቤት «ይዘት» ብለን የተማርነው ነው፤ ሰሌዳውን አፉ ድረስ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ብንደፍቀው ከገንዳው የሚፈስሰው ውኃ 50 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ሰሌዳን በኮምፒዩተር መንደፍ ከመለመዱ በፊት ይህን ማስላት አስቸጋሪ ስለነበረ ገዢው የሚነገረው ሦስቱ ልኬቶች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬም ሰው ስለ ሰሌዳ ሲያወራ አስቀድሞ የሚጠራው ርዝመቱን ነው። ክብደት ላለው ሰው ግን ከአራቱ ቁጥሮች ዋነኛው ሊትሩ ነው።

ምክንያቱ የአርኪሜዲስ ሕግ ነው። ውኃ ውስጥ የገባ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው በቦታው በነበረው ውኃ ክብደት ልክ ሲሆን፣ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ደግሞ በግምት 1.025 ኪሎ ይመዝናል። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው 75 ሊትር በሆነ የጀማሪ ሰሌዳ ላይ በደረቱ ሲተኛ ሰሌዳው ወደ 77 ኪሎ ይሸከማል፤ የራሱ የሰሌዳው ክብደት 4 ኪሎ ቢሆን ለሰውየው 73 ኪሎ ይተርፈዋል። የቀረውን 22 ኪሎ መሸከም ያለበት ራሱ ሰውነቱ ነው፤ ስለዚህ ከሆዱና ከጭኑ 22 ሊትር ያህል ውኃ ውስጥ ይገባል። ያው ሰው 33 ሊትር ሰሌዳ ላይ ቢተኛ ግን ውኃ ውስጥ የሚሰምጠው የሰውነቱ ክፍል ከ60 ሊትር ያልፋል። እንዲህ ሲሆን ሰሌዳው ጨርሶ ከውኃው በታች ይሆናል፣ ውኃው ደረቱን አልፎ ትከሻው ሥር ይደርሳል፣ በእጁ ሲቀዝፍም የሚገፋው ሰሌዳውን ሳይሆን የራሱን ሰውነት ነው። ማዕበሉ ከኋላው ሲመጣ በቂ ፍጥነት ስለማይኖረው ማዕበሉ ከሥሩ አልፎ ይሄዳል፤ ወይም ዘግይቶ ይነሣና የሰሌዳው አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ውኃ ውስጥ ተተክሎ ወደ ፊት ይወረውረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሰሌዳው ማዕበሉን ይዞ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ሰውየውን የሚሸከመው በዋነኛነት ፍጥነቱ ነው፤ ውኃው የሰሌዳውን ሆድ ከሥር እየመታ ወደ ላይ ያነሣዋል። ሊትር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ተኝቶ ለመቅዘፍ፣ ማዕበሉን ለመያዝና ለመቆም ነው። አጭር ሰሌዳ ላይ ቆሞ መዞር የሚችል ሰው እንኳ ማዕበሉን መያዝ ካልቻለ ችሎታውን የሚያሳይበት ዕድል አያገኝም፤ እየተሻሻለ ላለ ሰው ደግሞ በአንድ ጠዋት ሃያ ማዕበል መያዝና ሦስት መያዝ በትምህርቱ ላይ ያላቸው ልዩነት ሰፊ ነው።

ስለዚህ ከጓደኛ ሰሌዳ ጋር መወዳደር ያለበት ርዝመቱ ሳይሆን ሊትሩ ከክብደት ጋር ያለው ድርሻ ነው፤ ማለትም ሊትሩ ለሰውየው ኪሎ ሲካፈል የሚገኘው። 75 ኪሎ የሚመዝን ጓደኛ በ33 ሊትር ሰሌዳ በሚገባ ቢጫወት ድርሻው 0.44 ነው፤ 95 ኪሎ የሚመዝነው ሰው ያንኑ ሰሌዳ ቢዋስ ድርሻው ወደ 0.35 ይወርዳል፤ ይህም ለዓመታት የሠለጠኑ ሰዎች የሚመርጡት መጠን ነው። ጓደኛው የሚያገኘውን ለማግኘት 42 ሊትር ያስፈልገዋል። በእኔ እምነት ከ75 ሊትር የተነሣ ሰው በአንድ ጊዜ ወደዚያ መዝለል የለበትም፤ መጀመሪያ ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 50 ቢወርድና በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ አንድ ወቅት ቢቆይ ይሻለዋል።

ርዝመትን መቀነስና ሊትርን መቀነስ አንድ አይደሉም። ወርዱና ውፍረቱ ሲጨመር፣ በተለይም ሰሌዳው የተሠራበት ቀላል ፎም በደረት ሥር ሲከማች፣ አጭር ሰሌዳ ከእሱ የረዘመውን ያህል ሊሸከም ይችላል። አፍንጫው ሰፋ ያለ፣ ሆዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙም ያልጎበጠ ሰሌዳ ቶሎ ስለሚፈጥን ለዚህ ሽግግር ይስማማል። ጠርዙ ከልክ በላይ ከወፈረ ግን በመዞሪያ ጊዜ ውኃ ውስጥ አልገባም ይላል፤ ስለዚህ መሃሉ ወፍሮ ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄደውን መምረጥ ይገባል።

የሚገባበትም ባሕር መታየት አለበት። የቴል አቪቭን ዳርቻ የሚመታው የሜዲትራኒያን ማዕበል ነፋሱ የሚገፋበት ርቀት አጭር ስለሆነ ከውቅያኖስ ማዕበል ይልቅ ተቀራርቦ የሚመጣና ጉልበቱም ቶሎ የሚያልቅ ነው። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ብቻ ይኖራል። በዚያ ለሚለማመድ ክብደት ያለው ሰው ከላይ ባልሁት ላይ አምስት ሊትር መጨመር ነውር የለውም፤ በክረምት ከብርድ የሚከላከል ወፍራም የጎማ ልብስ ለሚለብስ ደግሞ የልብሱ ክብደትና ክንድን መያዙ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ክብደት የሚጠቅምበትም ቦታ አለ። የሚሰበርን ማዕበል ከሥሩ ለማለፍ ሰሌዳውን ወደ ታች መድፈቅ ያስፈልጋል፤ ቀላል ሰው 45 ሊትር ሰሌዳን ለማስመጥ ሲታገል ከባዱ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ክብደቱን ሲጥልበት ይወርድለታል። 60 ሊትር ላይ ግን እሱም ይቸገራል፤ ያን ጊዜ ሰሌዳውን ጨብጦ ከነሰሌዳው ተገልብጦ ማዕበሉን በላዩ ማሳለፍ ይቀለዋል። ማዕበሉን ያለ ችግር እየያዘ፣ ወዲያው እየቆመ፣ ነገር ግን ሊዞር ተረከዙን ሲጭን ሰሌዳው እምቢ ብሎ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ከሆነ፣ ከሊትሩ አምስት ወይም ስድስት የሚቀንስበት ጊዜ ደርሷል።