«የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ» ከየት መጣ፣ ለማንስ ነው የተባለው?

ሀዋሳ ውስጥ ይቺን አባባል ሳትሰሙ ሳምንት አያልፍም። ቢሮ ውስጥ እድገት የተዘለለ ሰው ይላታል፣ ቤንዚን ወረፋ ላይ አንዱ ከጎን ሲሰነቀርበት የባጃጁ ሹፌር ይላታል፣ ዓመቱን ሙሉ ሮጦ ፍጻሜው ላይ ተቀያሪ ወንበር የተሰጠው ተጫዋች ደጋፊም ይላታል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ሁለተኛዋን ስንኝ ብቻ ነው፣ ሙሉው እንዲህ ነው፦

ኢትዮጵያ ሀገሬ ሞኝ ነሽ ተላላ፣
የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ ላንቺ ብሎ የሞተው ተረስቶ አንቺን ሲወጋ የነበረው ሹመቱንም ርስቱንም ወሰደው ማለት ነው። ስድቡን ደሞ ልብ በሉት፣ ገዳይዋን አይደለም የሚሳደበው፣ እሷን ነው፣ ያውም «ሞኝ» «ተላላ» እያለ፣ የሚወዳት ሴት መጥፎ ሰው አምና ስትጎዳበት እንደሚቆጣ ሰው። ጠላት ይቺን አይገጥማትም።

አባባሏ የአርበኞች ዘመን ልጅ ናት። ጣልያን መስከረም 1928 ላይ ድንበር ጥሶ ገባ፣ መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ፣ ንጉሡ ተሰደዱ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ከዛ በኋላ ያለው አምስት ዓመት ሀገሬውን ሶስት ቦታ ከፈለው፣ ጫካ የገባ አርበኛ አለ፣ ውጭ የወጣ ስደተኛ አለ፣ ለጣልያን ያደረ ባንዳ አለ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሡ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሶስቱም አንድ ከተማ ውስጥ ተገናኙ፣ ጉዱ የመጣው እዚህ ጋ ነው።

መንግስት ደሞ ጸሐፊ ይፈልጋል፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ይፈልጋል፣ አገር ገዢ ይፈልጋል። የተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ በነበረው ጭፍጨፋ አልቀዋል፣ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የከረመው ማነው ቢባል ከጣልያን ጋር ሲሰራ የነበረው ነው። አርበኛው በበኩሉ «እኛ ስንሞት ጥለውን ሄዱ» እያለ ንጉሡን በሙሉ ልቡ አያምንም፣ ንጉሡም መሳሪያ የያዘና ተከታይ ያለው አርበኛ ያሰጋቸዋል፣ ለመኖር ሲል ከጠላት ጋር ያደረ ሰው ግን አንገቱን ደፍቶ ይታዘዛል። በዚህ ስሌት ስንቱ ባንዳ ወንበር ላይ ቀረ።

ሰው ሁሉ ለምሳሌ የሚያነሳው በላይ ዘለቀን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ጎጃም ላይ ጣልያንን አላስቀምጥ ያለ አርበኛ፣ ከድሉ በኋላ ደጃዝማችነት ተሰጠው፣ ከዛ ከመንግስት ጋር ተጣላ፣ ታሰረ፣ ከእስር አምልጦ ተያዘ፣ 1937 ላይ አዲስ አበባ ተሰቀለ። እዛው ጎጃም ላይ ለጣልያን ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለሃይማኖት ግን ገመድ አልነካቸውም፣ በቁም እስር ቆይተው በተፈጥሮ ሞት ነው ያረፉት። ይህን በአይኑ ያየ ሰው «የገደለሽ በላ» ቢል ምን ይገርማል?

ለሀቁ ያህል ግን ሁሉም አርበኛ አልተጣለም። ራስ አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ ተዋግተው በኋላ የጦር ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል። ግጥም ደግሞ ሚዛን ይዞ አይዞርም፣ የተናደደ ሰው ነው የገጠመው።

እኛ ሰፈር ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገርመኛል፣ ምክንያቱም የደቡቡን ጦር የሚያወራው ሰው ትንሽ ነው። ያኔ ሀዋሳ የምትባል ከተማ አልነበረችም፣ የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች፣ ገዢው ደግሞ ራስ ደስታ ዳምጠው። ማይጨው ከተፈታ፣ አዲስ አበባም ከተያዘች በኋላ የራስ ደስታ ጦር እዚሁ ሲዳማ ውስጥ መዋጋቱን አላቆመም፣ ጣልያን ይርጋለም የገባው ኅዳር 1929 ላይ ነው፣ ከዋናው ከተማ መያዝ ስድስት ወር አልፎ ማለት ነው። ከዛ ጦሩ እያፈገፈገ፣ በረሃብና በአውሮፕላን ቦምብ እያለቀ ጉራጌ ምድር ጎጌቲ ላይ ተከበበ፣ ቀኑ የካቲት 12 ቀን 1929፣ አዎ ያው ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ቀን። ደጃዝማች ገብረማርያምና ደጃዝማች በየነ መርዕድ የሞቱት በዚሁ ሰሞን ነው። ራስ ደስታ ከአምስት ቀን በኋላ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ።

አሁን ራስ ደስታ ስንል ሆስፒታሉ ነው ትዝ የሚለን። ገብረማርያምንማ፣ አዲስ አበባ በስማቸው የተጠራውን የፈረንሳይ ትምህርት ቤት «ሊሴ» ብለን ቆርጠን ስማቸውን ራሱ ጥለነዋል። እሺ እነሱስ ቢያንስ ሕንጻ ላይ ተጽፈዋል፣ አብሯቸው ከይርጋለም እስከ ጎጌቲ በባዶ እግሩ የተጓዘው ወታደር፣ ስንቅ ተሸክማ የተከተለችው ሴት፣ የነሱን ስም የትኛው ድንጋይ ላይ ታነቡታላችሁ?

ይህን ስል አንድ ንጽጽር ሁሌ ይመጣብኛል። ግንቦት 11 ቀን 1933 አላባ ቁሊቶ ላይ፣ ከኛ በሻሸመኔ በኩል ሩቅ አይደለም፣ የእንግሊዝ የምስራቅ አፍሪካ ጦር ከጣልያን ጋር ተዋግቶ ነበር። እዛ ናይጄል ሊኪ የሚባል ሳጅን የጣልያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ከሾፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን ገደለ፣ ሌላ ታንክ ላይ ሊደግም ሲል ተመቶ ሞተ። ሬሳው አልተገኘም። ሀገሩ ግን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያዋን ሰጠችው፣ ኬንያ ውስጥ ባለ መታሰቢያ ላይም ስሙ ተቀርጿል። ሬሳ ላልተገኘለት አንድ ሳጅን ማለት ነው! ቅናት ነው አትበሉኝ፣ ትንሽ ቅናትም አለበት። እዛ ጦርነት ላይ አብሮ የሞተው አፍሪካዊ ወታደርስ እንደሱ ይነሳል ወይ ብሎ መጠየቅም ይቻላል፣ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

እኛም ግን ከፈለግን እንችላለን፣ ኮሪያን እዩ። ከ1943 ጀምሮ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ አንድም ምርኮኛ አልሰጠም፣ የሞቱትንም ባዕድ አገር ሳይተው አምጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቀብሯል። ከዛ 1966 መጣ፣ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፣ የደቡቡ ዘማች ሜዳሊያውን አውጥቶ ማሳየት የሚያስፈራው ሆነ። ባንዳ ስላልነበረ «የገደለሽ በላ» እዚህ ላይ በቀጥታ አይገባም፣ «የሞተልሽ ቀርቶ» ግን በደንብ ይገባል። ለኔ የአባባሏ ክብደት ያለው እዚች የመጀመሪያዋ ግማሽ ላይ ነው፣ ሰው ደግሞ ሁሌ የሚጮኸው ሁለተኛዋን ነው፣ ማን በላ፣ ስንት በላ፣ እንዴት በላ። የቀረውን ማንም አይጠይቅም።

ሀዋሳ ራሷ ስትቆረቆር ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት እየተሰጣቸው የሰፈሩባት ከተማ ስለሆነች የወታደር ቤተሰብ እዚህ ብርቅ አይደለም። እኛ ሰፈር አንድ እናት አሉ፣ ልጃቸው በባድመው ጦርነት ጊዜ ወጥቶ አልተመለሰም። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ፎቶ ቤት ተነስቶት የሄደው ፎቶ አለ፣ ከኋላው የተሳለ ፏፏቴ፣ ኮፍያው ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ጀርባው ላይ ማዕረጉና የሄደበት ቀን በራሱ እጅ በቢክ ተጽፏል። የሞተበትን ቀን በትክክል ስለማያውቁት ዝክሩን የሚያወጡት መርዶው በተነገራቸው ቀን ነው። መቃብር የለም፣ ሄዶ አበባ የሚያኖሩበት ቦታ የለም፣ ያለው ያቺ ፎቶና ዕድርተኛው የሚቀምሳት ጠላ ናት።

አንዴ እሳቸው ቤት ቡና እየተጠጣ አንዱ የሰፈር ልጅ፣ ክፋት የለውም፣ ለሳቸው የተቆረቆረ መስሎት፣ ፎቶውን እያየ «ምን ይደረግ እማማ፣ የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ ነው እኮ» አለ። እሳቸው ጀበናውን አስቀመጡና «እሱን ለቢሮህ አድርገው የኔ ልጅ፣ እኔ ቤት አይባልም» አሉት። ልጁ ክው አለ።

ልክ ናቸው። አባባሏን የሚላት ራሱ የተዋጋ ወይም ከጎኑ ጓደኛ የወደቀበት ሰው ሲሆን ቁጭት ናት። ሀዘንተኛ እናት ፊት ሌላ ሰው ሲላት ግን «ልጅሽ በከንቱ ሞተ» ትሆናለች፣ ሰውየው ሳያስበው። ለቅሶ ቤት ከሆናችሁ «እግዜር ያጽናዎት፣ ነፍስ ይማር» በቂ ነው፣ ከዛ ካለፈ ስለ ልጁ ጠይቁ፣ ምን ይወድ ነበር፣ የት ነው የተማረው፣ ማን ነበር ጓደኛው በሏቸው። እኚህ እናት እንደዛ ሲጠየቁ ሁለተኛው ቡና ሶስተኛ እስኪሆን አያቆሙም።

ፖለቲካ ላይ፣ ታሪክ ላይ፣ ለሀገር የደማ ሰው ጡረታ ሲከለከል ግን በሉት፣ ለሱ ነው የተሰራው። ቦነስ ይገባል ተብሎ ላልገባላችሁ ደሞ ሌላ አለላችሁ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» በሉ፣ እሷ ማንንም አታስቀይምም።