ኢቮ-ዴቮ ለመማር ላሰባችሁ፦ የሚወራው እና እውነታው

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥ ባዮሎጂ ጨርሶ "ኢቮ-ዴቮ ልቀጥል ነው" የሚል ልጅ ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም። "አቦ ተው፣ ሥራ የለውም" ይለዋል ጓደኛው። እናቱ እምነቱን እንዳያስጥለው ትሰጋለች። አስተማሪው ደግሞ "ያለ ዘመናዊ ላብ (ላብራቶሪ) ምን ልትሠራ?" ይለዋል። ሁሉም የሚናገሩት ለእሱ አስበው ነው። የሚሉት ግን አብዛኛው ልክ አይደለም፤ ጎበዝ ልጆችም ሳይሞክሩት ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ መስኩ ምን እንደሆነ ባጭሩ። ዝግመተ ለውጥ የሚያጠና ሰው ዝርያዎች በብዙ ትውልድ እንዴት እንደተለወጡ ይጠይቃል። የዕድገት ባዮሎጂ የሚያጠና ሰው ከአንዲት ሕዋስ ተነስቶ ሙሉ አካል እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃል። ኢቮ-ዴቮ (ኢቮ ከኢቮሉሽን፣ ዴቮ ከዴቨሎፕመንት) ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ ያነሳል። የጎልማሳው ቅርጽ ከተለወጠ፣ ሽሉ ሲያድግ የሆነ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። ምኑ ተለወጠ? መቼ? በየትኛው ጂን?

"ይሄማ ሽል የአያቶቹን ታሪክ ይደግማል የሚለው አይደል?"

አይደለም። ያ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኤርነስት ሄክል እ.ኤ.አ. በ1866 ያሰራጨው ሐሳብ ነው፤ የሰው ሽል መጀመሪያ ዓሣ፣ ቀጥሎ ሌላ እንስሳ እየሆነ ያልፋል የሚል። ገና በ1828 ካርል ኤርነስት ፎን ቤር የተሻለውን ጽፎት ነበር፦ የአንድ እንስሳ ሽል የሌላውን እንስሳ ሽል ይመስላል እንጂ ጎልማሳውን አይመስልም። የሰው ሽል አንገት ላይ የሚታዩት እጥፋቶች መቼም የዓሣ መተንፈሻ ሆነው አያውቁም። ከነሱ የመንጋጋ፣ የመሃል ጆሮ አጥንቶችና የጉሮሮ ክፍሎች ይወጣሉ። ለድህረ ምረቃ ኢንተርቪው ስትቀርቡ ይቺን አጥርታችሁ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

"አዲስ አካል እንዲወጣ አዲስ ጂን መፈጠር አለበት"

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የመስኩ ልብ ያለው እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1995 የቫልተር ጌሪንግ ላብ ስዊዘርላንድ ውስጥ ፓክስ6 የተባለውን የአይጥ ጂን ወስዶ በፍራፍሬ ዝንብ አካል ውስጥ ዓይን በማይኖርበት ቦታ እንዲሠራ አደረገ። ዝንቡ እዚያ ቦታ ላይ ዓይን አወጣ። የወጣው ግን የዝንብ ዓይን ነው፣ የአይጥ አይደለም። ጂኑ "እዚህ ዓይን ይሠራ" ብሎ ያዛል፤ የሚሠራውን ዓይን የሚወስነው የዝንቡ የራሱ አሠራር ነው። ሁለቱን እንስሳት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ለያይቷቸው የቆየ ጊዜ አለ። ትእዛዙ ግን አሁንም ይገባቸዋል።

ታዲያ ጂኖቹ ይህን ያህል የሚመሳሰሉ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? በብዙ ቦታ መልሱ ማብሪያው ጋ ነው። ከጂኑ አጠገብ ወይም ራቅ ብሎ፣ ጂኑ የት እና መቼ እንደሚሠራ የሚወስን የዲኤንኤ ቁራጭ አለ። ስቲክልባክ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ እንይ። የባሕሩ ዓይነት ሆዱ ሥር እሾህ አለው። ሐይቅ ውስጥ የቀሩት ብዙዎቹ ግን እሾሁን አጥተዋል። ፒትክስ1 የተባለው ጂን ራሱ ደህና ነው፣ መንጋጋ ላይም ሥራውን ይሠራል። የተቆረጠው ዳሌ አካባቢ የሚያበራው ማብሪያ ብቻ ነው።

ሩቅ አገር ያለ ዓሣ ምን አገባኝ የሚል ካለ፣ ድሬዳዋ መጋላ የሚሸጠውን የግመል ወተት ያስብ። ሕፃን ሁሉ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም አለው። አብዛኛው የሰው ልጅ ጡት ከጣለ በኋላ ይህ ኢንዛይም ይቀንስበታል። ለብዙ ሺህ ዓመት ከብትና ግመል ሲያልቡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብዙ ሰው ላይ እስከ እርጅና ይቆያል። ኢንዛይሙ አልተለወጠም። የተለወጠው ከጂኑ ወደ 14,000 የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርቆ የሚገኘው ማብሪያ ነው። አውሮፓ ውስጥ በዋናነት አንድ ለውጥ ሲታወቅ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ የተለያዩ ለውጦች ተገኝተዋል፤ ከዓረብ ግመል አርቢዎች ጋር የሚያያዘውም ከነሱ አንዱ ነው። በልጅነት ይጠፋ የነበረ ነገር ሳይጠፋ ሲቀር፣ ይህ የዕድገት ጊዜ ለውጥ ነው። እኛው ላይ ያለ ኢቮ-ዴቮ።

"ሁሉም የሆርሞን ጉዳይ ነው"

የሐረር ሰው ይቺን በደንብ ይስማኝ። ማታ ፈለና በር ወጥታችሁ የምታዩት ባለ ነጠብጣብ ጅብ በአጥቢ እንስሳት ውስጥ አቻ የለውም። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ በመንጋውም የበላይ ናት። ብልቷ የወንዱን መስሎ ይረዝማል፤ የምትሸናውም፣ የምትጠቃውም፣ የምትወልደውም በዚያው ነው። በዚህ የተነሳ ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚል ወሬ ከጥንት ጀምሮ አለ። አሪስቶትል እንኳን ስህተት ነው ብሎ ጽፏል።

ተመራማሪዎች መጀመሪያ የገመቱት ቀላል ነገር ነበር፦ በእናቲቱ ማህፀን ውስጥ የወንድ ሆርሞን ስለሚበዛ ነው። በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እርጉዝ ጅቦች የዚህን ሆርሞን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ተሰጣቸው። የተወለዱት ሴት ግልገሎች ብልት ቅርጹ መጠነኛ ለውጥ አሳየ እንጂ አላጠረም፣ አልጠፋም። ስለዚህ ሆርሞን ድርሻ አለው፣ ብቻውን ግን አያስረዳውም። ቀሪው ጥያቄ ገና ክፍት ነው። ጀጎል ዙሪያ ያደገ ልጅ ከልጅነቱ የሚያውቀው እንስሳ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተንጠልጥሎ መቀመጡ በጣም ይገርመኛል።

"ስለ እንስሳት ብቻ ነው"

የሐረርጌ ማሳ ላይ ያለው ማሽላም አለበት። የዱር ማሽላ ፍሬው ሲደርስ ይረግፋል። የገበሬው ማሽላ ግን ዘለላው ላይ እንዳለ ለአጨዳ ይደርሳል። ኤስኤች1 የተባለ ጂን ላይ የደረሰ ለውጥ ነው ፍሬው ከዘንጉ የሚላቀቅበት ቦታ በደንብ እንዳይፈጠር ያደረገው። በሩዝና በበቆሎም ተመሳሳይ ጂን ተነክቷል። ሥራ የለውም ለሚሉትም መልሱ ከዚህ ይጀምራል፤ የሰብል ማሻሻያ ላይ የሚሠራ ሰው ይሄንኑ ዕውቀት ይፈልጋል። የማስተማሩ ሥራም አለ።

"ያለ ውድ ላብ አይሞከርም"

አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተገኘ የሐበሻ እንቁላል፣ አምፖል ያለበት ሣጥን፣ ቴርሞሜትር፣ ውኃ የያዘ ሳህን። መነሻው ይኸው ነው። እንቁላሉን በጎኑ አስተኝታችሁ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ አቆዩት። በሦስተኛው ቀን በስሪንጅ ከሹሉ ጫፍ ጥቂት ነጩን ሳቡ፤ አስኳሉ ዝቅ ስለሚል ሽሉ ከቅርፊቱ ይላቀቃል። ከዚያ ከላይ በመቀስ ትንሽ መስኮት ክፈቱ። ቀያይ የደም ሥሮች አስኳሉ ላይ ተዘርግተው፣ መሃል ላይ ልቧ ስትመታ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሃምበርገርና ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1951 የጫጩትን ዕድገት በ46 ደረጃ ከፋፍለውታል፤ ያያችሁት የትኛው ደረጃ እንደሆነ ከዚያ ጋር አመሳክሩ።

ኮምፒውተር ብቻ ያለውም ይሠራል። የብዙ ሺህ ዝርያዎች የጂን መረጃ በነፃ ተቀምጧል። አር ወይም ፓይተን የተባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች የሚችል ተማሪ እዚያው ድሬዳዋ ከዚራ ተቀምጦ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ኔትዎርክ ይቋረጣል እንጂ መረጃው አይከፈልበትም።

ቅሪተ አካልም አለ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያላት የቀደምት የሰው ዘር ሕፃን ናት። ጥርሶቿ ውስጥ ያሉትን የዕለት ዕለት የዕድገት መስመሮች በኃይለኛ ኤክስሬይ ቆጥረው፣ ስትሞት 861 ቀን ገደማ እንደነበረች እ.ኤ.አ. በ2020 አወጡ። ከራስ ቅሏ ጋር ሲያገናዝቡት የወገኖቿ አንጎል ቀስ ብሎ፣ ረዥም ጊዜ ወስዶ ያድግ እንደነበር ታየ። የእኛ ረዥም ልጅነት ሥሩ ጥንታዊ ነው ማለት ነው።

"እምነትህን ትተህ ነው የምትማረው"

የትኛውም የመግቢያ ፎርም ላይ ይህ አይጠየቅም። ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት አንዱ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ለሳይንስ ካስተዋወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ቴያር ደ ሻርዳን የካቶሊክ ቄስ ነበር። ቤተሰብ ሲጨነቅ አትከራከሩ። ቁጭ ብላችሁ ምን እንደምታጠኑ አስረዷቸው።

"ኢቮ-ዴቮ የሚል ዲፓርትመንት አላገኘሁም"

ብዙ ቦታ በዚህ ስም አይገኝም። የሚገኘው ባዮሎጂ፣ ዞኦሎጂ፣ ጄኔቲክስ ወይም ዝግመተ ለውጥና ሥነ ምህዳር በሚባሉ ክፍሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ዲፓርትመንት ሳይሆን አማካሪ ፈልጉ፤ የምትወዱት ጥናት ላይ ማን እንደሠራው እዩና ሰውየው ወይም ሴትየዋ የት እንደሚያስተምሩ ተከታተሉ።

"የሀብታም ልጅ ትምህርት ነው"

አሜሪካ ውስጥ በባዮሎጂ የፒኤችዲ ቦታ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ክፍያውን ይሸፍናል፣ አበልም አለው፤ በምትኩ ታስተምራላችሁ ወይም ላብ ውስጥ ትሠራላችሁ። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባትም ይቻላል። ማስተርስ ግን ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው። አውሮፓ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃል፤ ጀርመንና ስዊድን ግን የፒኤችዲ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። የማመልከቻ ክፍያው ከከበዳችሁ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ያነሳል። ለደላላ አትክፈሉ።

ለአማካሪው የምትጽፉት ኢሜይል አጭር ይሁን። የትኛውን ጥናቱን እንዳነበባችሁ፣ ያልተመለሰላችሁን ጥያቄ፣ እስካሁን በእጃችሁ የሠራችሁትን። ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመላክ ለአምስት ሰው በደንብ አንብቦ መጻፍ ይሻላል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ።