የሴል ሜታቦሊዝም ምንድን ነው? የምንበላው ቅባትስ ከካንሰር ጋር የት ይገናኛል?

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ቆጪ አካባቢ ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ቡና ተጠራን። ታናሽ እህታቸው የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ቶናው ላይ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያ የሚረጋው ዘይት ነው ያሳመማት? ስሠራላት የኖርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

አንጀቴን በሉት። እዚያው በአጭሩ የመለስኩላቸውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሜታቦሊዝም ማለት ሴል የደረሰውን ምግብ የሚያፈርስበትና መልሶ የሚገነባበት ሥራ ነው። የሚያፈርሰው ኃይል ለማግኘት ነው። የሚገነባው ራሱን ለመጠገንና ለመባዛት ነው። ቅባት ለሁለቱም ይሆናል። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስኳር ግን 4 ብቻ። ደግሞም የሴል ሽፋን በአብዛኛው የተሠራው ከቅባት ነው። ካንሰር ያለ ልክ የሚባዛ ሴል ስለሆነ፣ አንዱ ሁለት በሆነ ቁጥር አዲስ ሽፋን ይፈልጋል። ቅባት የሚርበው ለዚህ ነው።

በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ኦቶ ዋርበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት የዕጢ ሴሎች ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር በብዛት እንደሚወስዱ አሳየ። «ካንሰር ስኳር ይወዳል» የሚባለው ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ዕጢ ግን ቅባትም ይሻል። ከስኳር ራሱ ይሠራዋል፤ ወይም ከደም ይወስደዋል። ለመውሰድ የሚረዳው ሲዲ36 የሚባል፣ ሽፋኑ ላይ እንደ በር ያለ ፕሮቲን ነው።

በ2017 በባርሴሎና የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሰው የአፍ ካንሰር ሴሎችን አይጦች ላይ አጠኑ። ከቦታቸው ተነሥተው ሌላ አካል ላይ ዕጢ የሚጀምሩት ይህ በር በብዛት ያላቸው ሴሎች ሆነው ተገኙ። ቅባት የበዛበት ምግብ ሥርጭቱን አባሰው። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ቀነሰ። በ2021 ያው ቡድን አንድ እርምጃ ሄደ። ፓልሚቲክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት የቀመሱ የካንሰር ሴሎች፣ ምግቡ ከቀረ በኋላም የመሠራጨት ጠባያቸው አልለቀቃቸውም። ኦሌይክና ሊኖሌይክ አሲድ የሚባሉ ሌሎች የቅባት ዓይነቶች ግን እንዲህ አላደረጉም።

ፓልሚቲክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከፓልም ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ወደ 44 በመቶው እሱ ነው። ቅቤም ውስጥ አለ፤ ከቅባቱ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። የኑግ ዘይት ግን በብዛት ሊኖሌይክ አሲድ ነው።

እትዬ ይህን ሲሰሙ «ይኸው፣ አላልኩም?» አሉ። አይደለም። ጥናቱ የታየው አይጥ ላይ ነው። የሚናገረውም አስቀድሞ የነበረ ካንሰር ስለመሠራጨቱ ነው፤ ካንሰሩ ከየት እንደመጣ አይደለም።

ኑጉም ቢሆን ነጻ አይወጣም። በ2025 የወጣ የኒውዮርክ ጥናት፣ ሊኖሌይክ አሲድ አንድን አስቸጋሪ የጡት ካንሰር ዓይነት እንደሚያበረታታ አሳይቷል። ሴል ውስጥ ገብቶ ኤምቶርሲ1 የሚባለውን የዕድገት ማብሪያ ያበራል። ይህም በሴሎችና በአይጦች ላይ የታየ ነው። ግን ሌላም ገጽታ አለው። እንደ ሊኖሌይክ ያሉ ቅባቶች ቶሎ ይበላሻሉ፤ ዘይት ሲቆይ እንደሚሸተው ማለት ነው። ሽፋኑ በእነሱ የሞላ ሴል፣ ብረት ማዕድን በሚያፋጥነው መበላሸት ሊሞት ይችላል። ይህ አሟሟት በ2012 ፌሮፕቶሲስ ተብሎ ተሰየመ። ያው ቅባት አንዱን ዕጢ ያበላል፣ ሌላውን ያጋልጣል። ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው። «ይህ ዘይት መርዝ ነው፣ ያኛው መድኃኒት ነው» የሚል ሰው ስሰማ የምከፋውም ለዚህ ነው።

ሰው ላይ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ከአንድ ዘይት ይልቅ በሰውነት ላይ የተከማቸ ትርፍ ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል። ስቡ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን የሚመረተው በዋናነት እዚያ ነው፤ አንዳንድ የጡት ካንሰር ደግሞ በኤስትሮጅን ያድጋል።

ስለዚህ እትዬን «በእጅዎ ያበሉት ወጥ አላሳመማትም» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ሰማሁ። ቅቤውን ከቤት አውጥተውታል። እህታቸው ከስታለች፤ ጨጨብሳ አምሯት ከልክለዋታል። ሕክምና ላይ ላለ ሰው መክሳቱ ራሱ አደጋ ነው፤ ያንን ነበር መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ። ሰኞ ቀጠሮ አላት። ሐኪሟን የሚጠይቁትን በወረቀት ጻፍኩላቸው፦ ኪሎዋ ስንት ቀነሰ? ምን ያህል ትብላ? ጨጨብሳዋስ በቅቤ ይሁንላት?