ኦሉ፦ ብስክሌት በበረዶ ወራት የማይቆምባት ከተማ

ኦሉ በሰሜን ፊንላንድ፣ በቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ከአርክቲክ ክበብ በስተደቡብ የምትርቀው 170 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በታኅሣሥ እጅግ አጭር በሆኑት ቀናት ፀሐይ ከወጣች ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ትጠልቃለች። በጥር ቅዝቃዜው በአማካይ ከዜሮ በታች ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከ20 በታች የሚወርድበት ጠዋትም ብርቅ አይደለም። ነዋሪው ግን ሥራውንም፣ ትምህርቱንም፣ ገበያውንም በብስክሌት ይመላለሳል። ከተማዋ የዓለም የክረምት ብስክሌት መዲና የምትባለውም ስለዚህ ነው፤ ስሙም ይገባታል። (እዚህ «ክረምት» የተባለው ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀው የበረዶ ወቅት ነው፤ የሐምሌና የነሐሴው ዝናብ አይደለም።)

ታሪክ

ኦሉን እ.ኤ.አ. በ1605 የቆረቆሯት የስዊድኑ ንጉሥ ዘጠነኛው ካርል ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጥድ በሚወጣ ቅጥራን ንግድ ታወቀች።

የብስክሌቱ ታሪክ የሚጀምረው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ለመኪና መንገድ ሲያሰፉ፣ የኦሉ የትራፊክ መሐንዲስ ማውሪ ሚውሊላ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ራሱን የቻለ መረብ ሆኖ እንዲዘረጋ የሚያደርግ ዕቅድ ይዘው ተነሡ። ሥራውን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት አይቻልም፤ በየዘመኑ በጀቱን ያጸደቁት ምክር ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ሆኖም አዳዲስ ሰፈሮች ሲሠሩ የብስክሌቱ መንገድ አብሮ እንዲሠራ የሆነው በዚያ ዕቅድ መሠረት ነው። ዛሬ መረቡ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። አብዛኛው ክፍሉ በዛፎች መካከል፣ ከመኪና ርቆ ያልፋል፤ ሌሊትም መብራት አለው። ባለመኪናው ዞሮ ሲሄድ ባለብስክሌቱ አቋርጦ ይደርሳል።

ዋና ዋና መንገዶችን ከሥር የሚያቋርጡት መሿለኪያዎች ከ300 በላይ ናቸው። ጥቅማቸው ከመኪና ማዳን ብቻ አይደለም። በበረዶ ላይ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ፍሬን ሲይዝ፣ ሲታጠፍና ቆሞ እንደገና ሲነሣ ነው። መሿለኪያው ይህን ያስቀርለታል፤ ቁልቁል የወረደበት ኃይል ዳገቱን ያወጣዋል።

በረዶውን ማዘጋጀት

በአማርኛ «በረዶ» የምንለውን ፊንላንዳውያን በየዓይነቱ ይለዩታል። ከሰማይ የወረደው «ሉሚ»፣ የረጋው ውኃ «ያ»፣ ተረግጦ የጠነከረው «ፖላኔ»፣ ቀልጦ ጭቃ የመሰለው «ሎስካ» ይባላል። የኦሉን አሠራር ለመረዳት እነዚህን ቃላት ማወቅ ይጠቅማል፤ የከተማዋ ጥበብ ሉሚን ወደ ፖላኔ መለወጥ፣ ፖላኔውንም «ያ» ወይም ሎስካ እንዳይሆን መጠበቅ ነውና።

ጥቂት ሴንቲ ሜትር በረዶ ሲወርድ ጠራጊ ማሽኖች በሌሊት ይሰማራሉ። በዋና ዋናዎቹ የብስክሌት መንገዶች ላይ ሥራው ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ እነዚህ መንገዶች ከብዙ የመኪና መንገዶች ቅድሚያ ያገኛሉ። ማሽኑ በረዶውን እስከ አስፋልቱ አይገፈውም። ከላይ ያለውን ልል በረዶ ጠርጎ ከሥር ስስና ጠንካራ ንጣፍ ይተዋል፤ ጥርስ ያለው ምላጭ ደግሞ ንጣፉን እየፋቀ ሻካራ ያደርገዋል። በሚያንሸራትት ቦታ ላይ ደቃቅ ጠጠር ይበተናል።

ጨው ግን አይበተንም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪን ሲያልፍ ጨው ኃይሉ ይደክማል። በመለስተኛ ብርድ ደግሞ በረዶውን በከፊል አቅልጦ ሎስካ ያደርገዋል፤ ይህ ጎማን እንደ ጭቃ ይይዛል፣ ሌሊት ሲረጋም መስተዋት ይሆናል። ሰንሰለትና ፍሬንም ያዝጋል። እጅግ የበረደ ደረቅ በረዶ ጎማን ቆንጥጦ ይይዛል፤ የሚያዳልጠው ወደ ዜሮ ተጠግቶ በላዩ ስስ ውኃ ያዘለው ነው። እንግዳ ሰው የ20 ዲግሪውን ብርድ ይፈራል፣ የአገሩ ሰው የሚጠነቀቀው ግን በዜሮ ዲግሪ ነው።

በረዶ መሬት ላይ የተቀባን ምልክት ስለሚሸፍን፣ ከተማዋ በአንዳንድ ቦታዎች የእግረኛና የብስክሌት ምልክትን በብርሃን በረዶው ላይ ታሳያለች።

ተጠቃሚዎች

ዓመቱን በሙሉ ሲታይ በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ አንድ አምስተኛው ያህል በብስክሌት ነው። በክረምት ወደ 12 ከመቶ እንደሚወርድ ይነገራል፤ እንዲያም ሆኖ ብዙ ሞቃት ከተሞች በበጋ የማይደርሱበት ነው። በስፋት የሚጠቀሰው ምሳሌ የሜትሶካንጋስ ትምህርት ቤት ነው፦ ከ1,200 ተማሪዎች 1,000 ያህሉ፣ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ በሆነ ጠዋት እንኳ፣ በብስክሌት እንደመጡ ተዘግቧል። ቁጥሩ ከቀን ቀን ይለያይ ይሆናል። በበረዶ መሐል የተደረደሩት የሕፃናት ብስክሌቶች ግን ለማንም የሚታዩ ናቸው።

ዓለም አቀፉ የክረምት ብስክሌት ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2013 በኦሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ዊኒፔግ፣ ሌዋርደን፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሞንትሪያል፣ ሞስኮና ካልጋሪ ተራ በተራ አስተናግደውታል፤ በ2020 በዮኤንሱ ወደ ፊንላንድ ተመልሷል።

ጎማና መብራት

የተለየ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ብዙው ሰው የሚነዳው አሮጌ ተራ ብስክሌት ነው። ጥንቃቄ የሚሻ ሰው የተንግስተን ካርባይድ ጥርስ የተተከለበት ጎማ ያስገጥማል፤ በአንድ ጎማ ላይ ጥርሱ ከ100 እስከ 240 ሊደርስ ይችላል። አንድ ጎማ ብቻ የሚገዛ የፊቱን ይቀይር የሚሉ አሉ፤ የፊት ጎማ ከከዳ መመለሻ የለውምና። በፊንላንድ ሕግ በጨለማ የፊት መብራት ግዴታ ሲሆን፣ ከሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኋላ ቀይ መብራትም ታክሏል።

የአየር ለውጥ

ይህ ሁሉ አሠራር የቆመው ብርዱ ሳይቋረጥ በመቆየቱ ላይ ነው። በክረምት መካከል እየሞቀ መልሶ የሚረጋበት ቀን በበዛ ቁጥር ፖላኔው ይለሰልስና ጎማ የቀደደው ቦይ እንዳለ ይደርቃል፤ ያኔ መፋቂያ ማሽኑ ደጋግሞ መውጣት ይኖርበታል። አየሩ ለዘብ የሚልባት ሄልሲንኪ በተመረጡ የብስክሌት መንገዶቿ ላይ በረዶውን በመጥረጊያ ጠርጋ ጨው ትጠቀማለች። ኦሉ እስካሁን በጠጠሯና በምላጯ ጸንታለች።